የአውሮፕላን ማረፊያ የአየር ዘገባ ለበቆሎ ማሳ ምን ይነግራል?

ግንቦት ሲጋመስ በምሥራቅ ወለጋ ዞን የጉቶ ጊዳ ወረዳ አርሶ አደር ማሳውን ደጋግሞ አርሶ፣ የበቆሎ ምርጥ ዘሩን ቤቱ አስገብቶ ሰማዩን ይጠብቃል። በነቀምቴ ዙሪያ በዓመት 2 ሺህ ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ስለሚጥል “ዘንድሮ ይዘንብ ይሆን?” የሚለው ጥያቄ ብዙም አያስጨንቀውም። የሚያስጨንቀው የጀመረው ዝናብ ይቀጥላል ወይስ ዘር አስጥሎ ለሁለት ሳምንት ይጠፋል የሚለው ነው።

ለአንድ ሄክታር በቆሎ 25 ኪሎ ግራም ዘር ያስፈልጋል። ድቅል ዘር ደግሞ ካለፈው ዓመት ምርት ተመርጦ የሚዘራ ሳይሆን በየዓመቱ በገንዘብ የሚገዛ ነው። በመጀመሪያው ዝናብ ተታልሎ የዘራ አርሶ አደር ቡቃያው ቢደርቅበት ዳግም የሚገዛበት ገንዘብ ላይኖረው ይችላል። ገንዘቡ ቢኖር እንኳ የሚያገኘው ዘር ወይም የቀረው ጊዜ አይበቃው ይሆናል። ስለዚህ የአየር ሁኔታ መረጃ ለዚህ አካባቢ አምራች ከዘርና ከማዳበሪያ እኩል የሚታይ ግብዓት ነው።

ይህንን ግብዓት በድረ ገጽ ለማቅረብ ለሚያስብ የወረዳ ወይም የዞን ጽሕፈት ቤት ከፊቱ ከሚያገኛቸው አማራጮች በጣም ቀላሉ ፕለጊን የሚባለው ነው። ፕለጊን በድረ ገጽ ላይ ተጨማሪ ሥራ እንዲሠራ የሚገጠም አነስተኛ ፕሮግራም ነው። ለአየር ሁኔታ ከተዘጋጁት ፕለጊኖች መካከል አንዳንዶቹ መረጃቸውን የሚያመጡት ከአውሮፕላን ማረፊያዎች ነው። ባለሙያው ፕሮግራሙን ይጭናል፣ የአንድ አየር ማረፊያ መለያ ያስገባል፤ ወዲያውም የሙቀቱ፣ የነፋሱና የደመናው ሁኔታ በገጹ ላይ ይታያል። ሥራው የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ክፍያም አይጠይቅም።

መረጃው በባለሙያ ወይም በመሣሪያ ተለክቶ የወጣ በመሆኑ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ የተዘጋጀው ለአብራሪ እንጂ ለአራሽ አይደለም። ይህንን ልዩነት ሳይረዱ በግብርና ገጽ ላይ ማስቀመጥ አርሶ አደሩን ሊያሳስተው ይችላል። ልዩነቱን አውቆ የሚያቀርብ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ከዚሁ መረጃ ለርጭት፣ ለምርት ማድረቅና ለጥንቃቄ የሚበጅ ጥቅም ያገኛል።

ከአውሮፕላን የጀመረ አገልግሎት

በአገራችን ዘመናዊው የአየር ሁኔታ ምልከታ አገልግሎት ከአቪዬሽን ጋር አብሮ ያደገ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ በ1938 ዓ.ም ካደረገ በኋላ የነፋስ፣ የደመናና የእይታ ርቀት መረጃ ለበረራ ደህንነት የግድ ሆነ። የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎቱም ለዓመታት በሲቪል አቪዬሽን ሥር ቆይቶ በ1973 ዓ.ም ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆነ። ይህ መሥሪያ ቤት ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በሚል ስያሜ የሚታወቀው ነው። ተቋሙ ራሱን ሲችል ሥራው ከበረራ አልፎ ለግብርና፣ ለውኃ፣ ለጤናና ለአደጋ መከላከል ሰፋ።

የአውሮፕላን ማረፊያው ዘገባ ግን ያው የቀድሞ ዓላማውን እንደያዘ ነው። ሜታር በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ዘገባ በዓለም አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅትና በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ መሠረት በየሰዓቱ ወይም በየግማሽ ሰዓቱ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ይወጣል። ከአዲስ አበባ ቦሌ የወጣው ዘገባ በካይሮም ሆነ በናይሮቢ ያለ አብራሪ ያለ አስተርጓሚ ያነበዋል። የአየር ሁኔታው በድንገት ከተለወጠ ደግሞ የመደበኛው ሰዓት ሳይጠበቅ ልዩ ዘገባ ይወጣል።

እነዚህ ዘገባዎች በአገሮች መካከል ስለሚለዋወጡ በኢንተርኔት ለሕዝብም ክፍት ናቸው። ለምሳሌ የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት አካል የሆነው የአቪዬሽን የአየር ሁኔታ ማዕከል የዓለም አየር ማረፊያዎችን ዘገባ ሰብስቦ ያለ ክፍያ ያቀርባል። ፕለጊኑ የሚሠራው ወደ እንዲህ ያለ ማዕከል ሄዶ የተጠየቀውን አየር ማረፊያ የመጨረሻ ዘገባ በማምጣት፣ ምልክቶቹን ወደ ተራ ቋንቋ በመፍታትና በገጹ ላይ በመለጠፍ ነው።

ዘገባው እንዴት ይነበባል?

ለማስተማሪያ ያህል ከቦሌ የወጣ ዘገባ ቢመስል እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ “ኤችኤኤቢ 120600ዜድ 09008ኬቲ 9999 ፊው025 18/11 ኪው1026”። በመጀመሪያ ሲያዩት እንቆቅልሽ ይመስላል፤ ሲፈታ ግን ቀላል ነው።

የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት የአየር ማረፊያው መለያ ናቸው። ኤች.ኤ.ኤ.ቢ. ማለት አዲስ አበባ ቦሌ ነው። የኢትዮጵያ አየር ማረፊያዎች መለያ ሁሉ በኤች.ኤ. ይጀምራል፤ ባሕር ዳር ኤች.ኤ.ቢ.ዲ.፣ ጅማ ኤች.ኤ.ጄ.ኤም.፣ ነቀምቴ ደግሞ ኤች.ኤ.ኤን.ኬ. ናቸው።

“120600ዜድ” የሚለው ዘገባው የወጣበትን ቀንና ሰዓት ይገልጻል። ቀኑ በፈረንጆች ወር 12ኛው ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 06:00 ነው። “09008ኬቲ” ነፋሱ ከ90 ዲግሪ፣ ማለትም ከምሥራቅ፣ በ8 ኖት ፍጥነት እንደሚነፍስ ያሳያል። አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 8 ኖት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አቅጣጫው ነፋሱ የሚመጣበት እንጂ የሚሄድበት አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

“9999” የእይታ ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ መሆኑን ይናገራል። “ፊው025” ማለት ከመሬት በ2 ሺህ 500 ጫማ ከፍታ ላይ ጥቂት ደመና አለ ማለት ነው። “18/11” የአየሩ ሙቀት 18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ የጤዛ ነጥቡ 11 ዲግሪ መሆኑን ይገልጻል። የጤዛ ነጥብ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ጤዛ የሚለወጥበት የሙቀት መጠን ነው። የመጨረሻው ቁጥር አብራሪው የከፍታ መለኪያውን የሚያስተካክልበት የአየር ግፊት ነው። ይህ ቁጥር ወደ ባሕር ጠለል ተመልሶ የተሰላ በመሆኑ ለአርሶ አደሩ የሚሰጠው ጥቅም የለም፤ ከግብርና ገጽ ላይ ቢወጣ ይሻላል።

ዝናብ፣ ነጎድጓድ፣ በረዶ ወይም ጭጋግ ካለ ደግሞ በሁለት ፊደል ይታከላል። አር.ኤ. ዝናብ፣ ዲ.ዜድ. ካፊያ፣ ቲ.ኤስ. ነጎድጓድ፣ ጂ.አር. በረዶ፣ ኤፍ.ጂ. ጭጋግ ነው። ከፊቱ የመደመር ምልክት ካለ ኃይለኛ፣ የመቀነስ ምልክት ካለ ቀላል መሆኑን ያሳያል።

በሰዓት ንባብ የሚፈጠር ስህተት

በድረ ገጽ ላይ የሚገጠሙት አብዛኞቹ ፕለጊኖች የተሠሩት በውጭ አገር ስለሆነ የኢትዮጵያን የሰዓት አቆጣጠር አያውቁም። ዘገባው 06:00 ሲል በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት 09:00 ነው። አርሶ አደሩ ግን ይህንን ሰዓት የሚያውቀው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ብሎ ነው። ፕለጊኑ “09:00” ብሎ ቢጽፍ አንባቢው ከቀኑ 9 ሰዓት ብሎ ሊወስደው ይችላል። የስድስት ሰዓት ልዩነት ማለት ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ጠዋት ነፋሱ ረጋ ያለ ነበር የሚል ዘገባ አንብቦ “አሁን ከሰዓት በኋላ ያለው ነፋስ ይህ ነው” ብሎ ርጭት የጀመረ ሰው ኬሚካሉን ወደ ጎረቤት ማሳ ወይም ወደ ራሱ ፊት ሊያስነፍሰው ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ስሌት ነው። ለቀኑ ክፍለ ጊዜ ከዘገባው ሰዓት ላይ 3 ሲቀነስ የኢትዮጵያ ሰዓት ይገኛል። 06:00 ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ 09:00 ከቀኑ 6 ሰዓት፣ 12:00 ከቀኑ 9 ሰዓት ይሆናል። ገጹን የሚያዘጋጀው ባለሙያ ይህንን በፕሮግራሙ ውስጥ ማስተካከል ይችላል፤ ካልቻለ ደግሞ ስሌቱን ከዘገባው ሥር መጻፍ አለበት።

ሌላው የዘገባው ዕድሜ ነው። ፕለጊኖች የመረጃ ማዕከሉን በየሰከንዱ እንዳያስቸግሩ ያመጡትን ዘገባ ለተወሰነ ጊዜ አስቀምጠው ደጋግመው ያሳያሉ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ወይም አየር ማረፊያው ዘገባ ሳያወጣ ሲቀር ትናንት የወጣው ዘገባ ዛሬም በገጹ ላይ ሊቆይ ይችላል። በመሆኑም ከሁለት ሰዓት በላይ ያስቆጠረ ዘገባ በራሱ ጊዜ እንዲሰወርና በቦታው “አዲስ ዘገባ የለም” የሚል ጽሑፍ እንዲወጣ ማድረግ ተገቢ ነው። ባዶ ገጽ ከአሮጌ መረጃ ይሻላል።

ደጋና ቆላ በአንድ ቁጥር አይገለጹም

አንድ የአየር ማረፊያ ዘገባ የሚወክለው ማረፊያውንና ቅርብ ዙሪያውን ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ “በአካባቢው” ተብሎ የሚመዘገበው ክስተት እንኳ ከማረፊያው እስከ 16 ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ ያለው ነው። ጉቶ ጊዳ ደግሞ የከፍታ ልዩነቱ ሰፊ የሆነ ወረዳ ነው።

የነቀምቴ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 80 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ ወደ ሰሜን የቡሬን መንገድ ይዞ ወደ ኡኬና ወደ አንገር ሸለቆ የወረደ ሰው 1 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ወደሆነ ቆላ ይደርሳል። አየር በየ1 ሺህ ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ በሁለቱ ቦታዎች መካከል 5 ዲግሪ ያህል የሙቀት ልዩነት ይጠበቃል። በነቀምቴ 22 ዲግሪ የሚል ቁጥር ሲታይ በሸለቆው 27 ዲግሪ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በደጋው ጤፍና በቆሎ፣ በቆላው ሰሊጥና ማሽላ የሚያመርት ወረዳ ለሁሉም አንድ የሙቀት ቁጥር ሊያወጣ አይችልም።

ችግሩ የሚከፋው የቅርቡ አየር ማረፊያ ዘገባ በዓለም አቀፉ ልውውጥ ውስጥ ሳይገኝ ሲቀር ነው። መለያ ያለው አየር ማረፊያ ሁሉ በየሰዓቱ ዘገባ ያወጣል ማለት አይደለም። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ፕለጊኖች ዝም ከማለት ይልቅ ቀጥሎ ያለውን አየር ማረፊያ ፈልገው ያሳያሉ። ለነቀምቴ የተጠየቀው መረጃ ከጅማ ወይም ከአዲስ አበባ ቦሌ ሊመጣ ይችላል። ቦሌ ከነቀምቴ በመንገድ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከፍታውም 2 ሺህ 334 ሜትር ነው። የጅማ አየር ማረፊያ ደግሞ በ1 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። የቦሌ ሰማይ ጠርቶ በአንገር ሸለቆ ነጎድጓድ ሊኖር ይችላል፤ ተቃራኒውም እንዲሁ።

ስለዚህ ገጹ የሚያሳየው ዘገባ ከየትኛው አየር ማረፊያ፣ ከስንት ሜትር ከፍታ እንደመጣ በግልጽ ሊጻፍበት ይገባል። የቦታውን ስም ሳይጽፉ “የዛሬ አየር ሁኔታ” ብሎ ብቻ ማውጣት ተጠያቂነት የጎደለው አሠራር ነው።

ዘገባው ያልያዘው ዋና ነገር

ከሁሉም በላይ አርሶ አደሩና የግብርና ባለሙያው ሊያውቁት የሚገባው ነገር መደበኛው የአየር ማረፊያ ዘገባ የዝናብ መጠን አለመያዙን ነው። “አር.ኤ.” የሚለው ምልክት በዚያች ሰዓት ዝናብ እየዘነበ መሆኑን ይናገራል። ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረደ አይናገርም። አብራሪው ለማረፍ የሚያስፈልገው ዝናብ መኖሩንና የእይታ ርቀቱን ማወቅ ነው፤ መሬት ውስጥ የሰረገው ውኃ ጉዳዩ አይደለም።

ለዘር ግን መጠኑ ወሳኝ ነው። ተመራማሪዎች የዝናብ ወቅት መግባቱን ለመለየት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት መስፈርት በሦስት ተከታታይ ቀናት ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር መዝነቡንና ከዚያ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ረጅም የደረቅ ጊዜ አለመኖሩን የሚመለከት ነው። በገጹ ላይ ለሦስት ቀን “ዝናብ” የሚል ጽሑፍ ቢታይ ከሥሩ 3 ሚሊ ሜትርም፣ 60 ሚሊ ሜትርም ሊኖር ይችላል። የመጀመሪያው አቧራ ያበርዳል፤ ሁለተኛው ዘር ያበቅላል። ዘገባው ሁለቱን አይለያቸውም።

መለኪያው ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውኃ ማለት ነው፤ በአንድ ሄክታር ላይ 10 ሺህ ሊትር ይሆናል። 20 ሚሊ ሜትር ሲባል ሄክታሩ 200 ሺህ ሊትር ውኃ አግኝቷል ማለት ነው።

በአየር ማረፊያ የሚሰጠው ትንበያም ይህንን ክፍተት አይሞላም። ታፍ የሚባለው የማረፊያ ትንበያ የሚሸፍነው ከ9 እስከ 30 ሰዓት ያለውን ጊዜ ነው። የዘር ውሳኔ ደግሞ የሳምንታት ጉዳይ ነው። “ሰኔ ግም ሲል” ተብሎ የሚጠበቀውን ክረምት በ30 ሰዓት ትንበያ መመዘን አይቻልም።

የሚጠቅምባቸው ሥራዎች

ይህ ሁሉ ሲባል ዘገባው ለግብርና አይረባም ለማለት አይደለም። አየር ማረፊያው ቅርብ ከሆነ፣ ከፍታው ከማሳው ጋር ከተቀራረበና ዘገባው ትኩስ ከሆነ ቢያንስ ለሦስት ሥራዎች ያግዛል።

የመጀመሪያው የኬሚካል ርጭት ነው። የአሜሪካ ተምች በ2009 ዓ.ም በደቡብ ምዕራብ የአገራችን ክፍል ከታየ ወዲህ ርጭት የበቆሎ አምራቹ የዘወትር ሥራ ሆኗል። ትሉ ቀን ቀን በበቆሎው እምብርት ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚውል ርጭቱ ማለዳ ወይም ወደ ማምሻ ሲካሄድ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ለርጭት የሚመከረው በሰዓት ከ3 እስከ 15 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ቀላል ነፋስ ነው። በዘገባው ቋንቋ ከ2 እስከ 8 ኖት ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ኬሚካሉ ተበትኖ ይባክናል፤ በሰውና በንብ ላይም ጉዳት ያደርሳል። ፍጹም ጸጥ ያለ ማለዳም ቢሆን ደቃቁ ጠብታ መሬት ሳይነካ አየር ላይ እንዲንሳፈፍ ስለሚያደርግ አይመረጥም። የአየር ማረፊያው ነፋስ የሚለካው ከመሬት 10 ሜትር ከፍ ብሎ በመሆኑ በማሳው ውስጥ ያለው ከዚያ ያነሰ እንደሚሆን መገንዘብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምርት ማድረቅ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የሚሰበሰበው በቆሎ በጎተራ ከመግባቱ በፊት የእርጥበት መጠኑ ወደ 13 በመቶ ሊወርድ ይገባል። እርጥበት ይዞ የገባ በቆሎ ይሻግታል፤ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ የሚፈጠረውም እንዲህ ባለው ሁኔታ ነው። በዚህ ረገድ በሙቀቱና በጤዛ ነጥቡ መካከል ያለው ልዩነት ጥሩ ምልክት ነው። ልዩነቱ በአንድ ዲግሪ በሰፋ ቁጥር የአየሩ እርጥበት በ5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 18/11 ሲል ልዩነቱ 7 በመሆኑ የአየሩ እርጥበት 65 በመቶ ያህል ነው። 14/14 ሲል ግን አየሩ በእርጥበት ስለተሞላ አውድማ ላይ የተሰጣ በቆሎ ከመድረቅ ይልቅ ጤዛ ይጠጣል። ማለዳ ልዩነቱ ጠባብ ከሆነ እስኪሰፋ ጠብቆ ማስጣት፣ ማታ ልዩነቱ መጥበብ ሲጀምር መሰብሰብና መሸፈን ይቻላል።

ሦስተኛው ጥንቃቄ ነው። “ቲ.ኤስ.” የሚል ምልክት ሲወጣ በአየር ማረፊያው ነጎድጓድ አለ ማለት ነው። በቅርብ ርቀት ያሉ እረኞችና በማሳ ያሉ ሠራተኞች ከብቸኛ ዛፍ ሥር እንዳይጠለሉ፣ ከገላጣ ቦታም እንዲርቁ ለማስጠንቀቅ ይጠቅማል።

ክፍተቱን የሚሞሉ መረጃዎች

ለዘር፣ ለማዳበሪያ ጊዜና ለወቅት ዕቅድ የሚያስፈልገው መረጃ ከሌላ ቦታ ነው የሚመጣው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የአሥር ቀን፣ የወርና የወቅት የግብርና ሚቲዎሮሎጂ መግለጫዎችን ያወጣል። እነዚህ መግለጫዎች የወረደውን የዝናብ መጠን ከመደበኛው ጋር አነጻጽረው ለሰብሉ ምን ማለት እንደሆነ የሚያብራሩ ናቸው። ወረዳው በድረ ገጹ ላይ ከአየር ማረፊያው ዘገባ በላይ ሊያስቀምጠው የሚገባው ይህንን ነው።

ከዚህም ሌላ ተቋሙ ከአሜሪካው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ጋር በመተባበር የመሬት ጣቢያዎችን ልኬት ከሳተላይት ግምት ጋር አዋህዷል። ኢናክትስ በሚባለው በዚህ ሥራ ከ30 ዓመት በላይ የሚሸፍን የዝናብ መረጃ በካርታ መልክ ለድረ ገጽ በቅቷል። ሐሳቡ መነሻ ያደረገው በገጠር የመለኪያ ጣቢያዎች ተራርቀው መገኘታቸውን ነው። ጣቢያዎች በብዛት የሚገኙት በከተሞችና በመንገድ ዳር ሲሆን ሳተላይቱ በመካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። የወረዳ ባለሙያ በዚህ ካርታ የአካባቢውን የዝናብ አገባብ ታሪክ ተመልክቶ ለአርሶ አደሩ ሊያስረዳ ይችላል።

ኢንተርኔት ለሌለው አርሶ አደር ደግሞ በ2006 ዓ.ም ሥራ የጀመረው 8028 ነፃ የስልክ መስመር የእርሻ ሥራ ምክሮችን በአፋን ኦሮሞና በሌሎች ቋንቋዎች ያደርሳል። በዝርያ ምርጫ ረገድም ከነቀምቴ ብዙም በማይርቀው የባኮ የግብርና ምርምር ማዕከል እንደ ቢ.ኤች. 661 ያሉ ድቅል የበቆሎ ዝርያዎች ወጥተዋል፤ የዘር ጊዜ ምክሩ ከዝርያው ጋር አብሮ መሰጠት አለበት።

የመጨረሻው ክፍተት ግን የሚሞላው በቀበሌው ውስጥ ነው። የዝናብ መለኪያ ውድ መሣሪያ አይደለም። በሚቲዎሮሎጂ አሠራር ዝናብ ብቻ የሚለኩ አራተኛ ደረጃ ጣቢያዎች አሉ፤ ሥራቸውም በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የተጠራቀመውን ውኃ አንብቦ መመዝገብ ነው። ይህ ሰዓት በአየር ማረፊያው ዘገባ 06:00 የሚለው ስለሆነ ሁለቱን መረጃዎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል። በእያንዳንዱ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ አንድ መለኪያ ቢተከልና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ንባቡን በስልክ መልእክት ለወረዳው ቢልክ ጉቶ ጊዳ የደጋውንም የቆላውንም የዝናብ መጠን በየቀኑ ማወቅ ይችላል።

ከጽሕፈት ቤቶች ምን ይጠበቃል?

የአየር ማረፊያ ዘገባን በገጹ ላይ ለማውጣት የሚያስብ የወረዳ የግብርና ጽሕፈት ቤት ከኮሙኒኬሽን ባለሙያው ጋር ተቀምጦ ጥቂት ጉዳዮችን አስቀድሞ ሊወስን ይገባል። በመጀመሪያ የሚፈለገው አየር ማረፊያ ዘገባ በየጊዜው የሚወጣ መሆኑን ለአንድ ሳምንት ያህል ተከታትሎ ማረጋገጥ አለበት። የማይወጣ ከሆነ የሌላ ሩቅ ከተማ ዘገባ መተካት የለበትም።

ቀጥሎም የአየር ማረፊያው ስም፣ ከፍታውና ዘገባው የወጣበት የኢትዮጵያ ሰዓት ከቁጥሮቹ እኩል ጎልተው እንዲታዩ ማድረግ ያስፈልጋል። ኖት ወደ ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ጫማ ወደ ሜትር መለወጥ አለበት። ጽሑፉም አርሶ አደሩ በሚናገረው አፋን ኦሮሞ መቅረብ አለበት፤ “አር.ኤ.” የሚለው ምልክት “ቦካ” ተብሎ ካልተተረጎመ ለገበሬው የተዘጋጀ ገጽ ሊባል አይችልም።

ከዘገባው ሥር ደግሞ “ይህ መረጃ የዝናብ መጠን አያሳይም፤ ለዘር ውሳኔ የአሥር ቀኑን መግለጫና የቀበሌዎን የዝናብ ልኬት ይመልከቱ” የሚል ማሳሰቢያ በቋሚነት ሊቀመጥ ይገባል። ገጹን በየቀኑ የሚያይ፣ ስህተት ሲኖር የሚያስተካክል አንድ ባለሙያም በስም መመደብ አለበት። ፕሮግራሙ በራሱ ይሠራል ተብሎ የተተወ ገጽ ከጥቂት ወራት በኋላ አሮጌ መረጃ ማከማቻ ይሆናል።

ድረ ገጹን የማይከፍቱ አርሶ አደሮች ብዙ በመሆናቸው በገጹ ላይ የወጣው መረጃ በዚያው አያበቃም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የለካውን ዝናብና የአሥር ቀኑን መግለጫ በማሠልጠኛ ማዕከሉ ሰሌዳ ላይ ቢጽፍ፣ በገበያ ቀንም ቢያሳውቅ መረጃው ማሳ ይደርሳል። የአየር ማረፊያው ዘገባም ከነፋሱና ከጤዛ ነጥቡ ጋር በዚሁ ሰሌዳ ላይ ቦታ ይኖረዋል። የዘሩን ጊዜ የሚወስነው ግን አርሶ አደሩ በቀበሌው የተለካውን ሚሊ ሜትርና የወቅቱን ትንበያ አይቶ ነው። በመሆኑም ጽሕፈት ቤቶቹ ከፕለጊኑ በፊት መለኪያውን ሊያስቀድሙ ይገባል።